ዜሮም ይመዘገባል፦ ስለ ዝናብ ልኬት፣ ስለ ወቅት ትንበያና ስለ አየር ንብረታችን

«ዝናቡ ድሮ እንዲህ አልነበረም» የማይል ሽማግሌ አይገኝም። እውነትም ሊሆን ይችላል። ችግሩ ትዝታ የሚይዘው በጣም የከፋውንና በጣም ያማረውን ዓመት ብቻ መሆኑ ነው፤ በመሐል ያለፉት ተራ ክረምቶች ተረስተዋል። ተለወጠ ወይስ አልተለወጠ ለሚለው ክርክር ዳኛ የሚሆነው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት ዕቃ ሳይቋረጥ የተጻፈ ቁጥር ነው። ከዚህ በታች ያለው ስለዚያ ቁጥር ነው፤ እንዴት እንደሚገኝ፣ የት ላይ እንደሚበላሽና ከእሱ ተነስቶ የሚወጣው ትንበያ እንዴት እንደሚነበብ። ዓመተ ምሕረት ያልተባለ ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከመለኪያው እንጀምር። 1 ሚሊሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊሜትር ከዘነበ 400 ሊትር ወርዷል። ከአሸንዳው ተንጠባጥቦ ከሚባክነውና ቆርቆሮውን አርሶ ከሚተነው የተረፈው፣ 300 ሊትር የሚበልጠው፣ ሮቶ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የዝናብ ቁጥር ለሳይንቲስት ብቻ አይደለም፤ ሮቶ ለሚገዛም ሰው ስሌቱ ይኸው ነው።

መለኪያ ለመሥራት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። ጎኑ ቀጥ ማለት ከሚጀምርበት ላይ ዙሪያውን በስለት ይቆረጣል፤ ክዳኑ ወልቆ የላይኛው ክፍል እንደ ማጥለያ ተገልብጦ ከታችኛው ውስጥ ይገባል። ይህ ግልባጭ ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም፤ የገባው ውሃ መልሶ በፀሐይ እንዳይተን የሚከለክለው እሱ ነው። ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ ጠርሙሱ ላይ በማስመሪያ መስመር ያሰምርና ያበላሸዋል። የሃይላንድ ታች ጎርበጥባጣ ነው፣ ጎኑም ቀለበት ቀለበት አለው፤ መስመሩ ውሸታም ይሆናል። ይልቅ የተጠራቀመውን ውሃ ከፋርማሲ በሚገዛ ሲሪንጅ መለካት ይሻላል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በሚሊ ሊትር የተለካውን ውሃ ለአፉ ስፋት በካሬ ሴንቲሜትር ማካፈልና በ10 ማባዛት። አፉ ከዳር እስከ ዳር 10 ሴንቲሜትር ከሆነ ስፋቱ 5 ሲባዛ በ5 ሲባዛ በ3.14፣ ማለትም 78.5 ነው። 78.5 ሚሊ ሊትር ውሃ 10 ሚሊሜትር ዝናብ ሆነ ማለት ነው። አፉን ሲለኩ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ 10 የሆነውን 9.5 ብሎ የጻፈ ሰው ዝናቡን ከ10 በመቶ በላይ አሳብጦ ይመዘግባል፤ ስህተቱም ዓመቱን ሙሉ አብሮት ይኖራል።

የሚተከልበት ቦታ ከዕቃው ይበልጣል። አፉ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ፍጹም አግድም ሆኖ፣ ከታሰረበት እንጨት ጫፍ ጥቂት ጣት ከፍ ማለት አለበት፤ አለበለዚያ እንጨቱ ላይ የወደቀው ጠብታ ተፈናጥሮ ይገባል። ዛፍም ሆነ ቤት ከቁመቱ ቢያንስ ሁለት እጥፍ መራቅ አለበት፤ 6 ሜትር ባሕር ዛፍ ካለ መለኪያው 12 ሜትር ይራቅ። ጣሪያ ላይ መስቀል ከፍየልና ከልጆች ያድናል እንጂ ጥሩ አይደለም። እዚያ ነፋሱ ይበረታል፤ ጠብታውን በአፉ ላይ እየነዳ ያሳልፈዋል፣ የሚገባው ያንሳል። በረዶ ከጣለ የገባውን አራግፎ መጣል የለም፤ ቀልጦ ይለካል።

የመደበኛ ጣቢያዎች የዕለት ንባብ ጠዋት በ3 ሰዓት ነው። የቤት መለኪያም በዚያው ሰዓት ቢነበብ ከአቅራቢያው ጣቢያ ጋር ማወዳደር ይቻላል። ትናንት ከሰዓት በኋላ የጣለው ዝናብ ዛሬ ጠዋት ስለሚነበብ፣ ቁጥሩ በየትኛው ቀን ስም እንደሚጻፍ አንዴ ተወስኖ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ መጻፍ አለበት። ምርጫው ያን ያህል አያሳስብም፤ በመሐል መቀየሩ ነው መዝገቡን የሚገድለው።

አሁን ወደ ዋናው በሽታ። ዝናብ ያልጣለበት ቀን 0 ተብሎ ይጻፋል። ያልተነበበ ቀን ባዶ ይተዋል ወይም ሰረዝ ይደረግበታል። እነዚህ ሁለቱ ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ግን ለዓመታት የተለፋባቸውን መዝገቦች ከምንም በላይ የሚያበላሸው የሁለቱ መደባለቅ ነው። ታዛቢው ለቅሶ ሄዶ አምስት ቀን ሳይነበብ ቀርቶ ሲመለስ «አልዘነበም ነበር» ብሎ ዜሮ ከሞላ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያንን መዝገብ የሚያይ ተማሪ በነሐሴ መሐል የአምስት ቀን ደረቅ ወቅት «ያገኛል»። ሌላው የሰኞ በሽታ ነው። ቅዳሜ 6፣ እሑድ 11፣ ሰኞ 8 ሚሊሜትር ዘንቦ፣ የተነበበው ሰኞ ብቻ ከሆነ፣ ቅዳሜና እሑድ ዜሮ፣ ሰኞ 25 ተብሎ ይጻፋል። የወሩ ድምር ትክክል ነው። የዝናብ ቀናት ቁጥር ግን ከሦስት ወደ አንድ ወርዷል፣ ያልነበረ ከባድ ዝናብም ተፈጥሯል። እንዲህ ያለ መዝገብ ሲበዛ «ዝናቡ ቀኑ እያነሰ ውርጅብኙ እየከበደ ነው» የሚል ግኝት ይወጣዋል፤ በእውነቱ የተለወጠው የታዛቢው የሥራ ቀን ነው። መፍትሔው «25 (የ3 ቀን)» ብሎ መጻፍ ብቻ ነው። መዝገብ የሚመረምር ባለሙያ በ0 እና በ5 የሚያልቁ ቁጥሮች በዝተው ሲያይ ይጠረጥራል፤ ሲሪንጁን በደንብ ያላየ ሰው 13ን 15 ያደርጋልና።

ጣቢያው ዕድሜ ሲገፋ ሌላም ነገር ይመጣል። ሲተከል ገላጣ የነበረው ግቢ ባሕር ዛፍ ይበቅልበታል፣ ትምህርት ቤቱ አዲስ ሕንጻ ይሠራል፣ ወይም ጣቢያው አንድ ኪሎ ሜትር ተዛውሮ ስሙን እንደያዘ ይቀጥላል። በተራራማ አገር አንድ ኪሎ ሜትር ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ለውጥ ከነቀኑ ካልተጻፈ፣ በኋላ የሚታየው መቀነስ የሰማይ ይሁን የዛፉ መለየት ያስቸግራል።

በአገራችን የሚቲዎሮሎጂ ሥራ በ1951 በሲቪል አቪዬሽን ውስጥ በትንሽ ክፍል ተጀመረ፤ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የሆነው በ1980 መጨረሻ በአዋጅ ነው፤ የዛሬው የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ማለት ነው። ጣቢያዎቹ በብዛት ያሉት በከተማና በመንገድ ዳር ነው፤ ታዛቢ የሚኖረው እዚያ ነውና። ቆላው፣ ገደሉና አርብቶ አደሩ አካባቢ ክፍተቱ ሰፊ ነው። ያንን ክፍተት ለመሙላት ሳተላይት ገባ። ሳተላይት ግን ዝናብ አያይም፤ በብዛት የሚለካው የደመናውን አናት ቅዝቃዜ ነው። አናቱ በጣም የቀዘቀዘ ደመና ከፍ ያለ ስለሆነ ያዘንባል ብሎ ይገምታል። በተራራ ጎን ተገፍቶ ወጥቶ ዝቅ ብሎ የሚያዘንብ ሞቃት ደመና ያመልጠዋል፤ ቀዝቃዛ ሆኖ የማያዘንበው ደግሞ ያታልለዋል። ስለዚህ ጣቢያውና ሳተላይቱ ይጋባሉ። ኢናክትስ የሚባለው ሥራ፣ ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር ቱፋ ዲንቁ የመሩት፣ የጣቢያዎችን መዝገብ ከሳተላይት ግምት ጋር አዋህዶ በጥቂት ኪሎ ሜትር እርቀት የተከታታይ ዓመታት ካርታ ያወጣል። ጣቢያው ካልታመነ ግን ጋብቻውም አይሰምርም። በሳተላይት ዘመን የሃይላንድ መለኪያ ምን ያደርጋል ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው።

ከዕለት ቁጥር ቀጥሎ ለገበሬ የሚጠቅመው የዝናብ አጀማመር ነው። በጥናት ላይ በብዛት የሚሠራበት መስፈርት እንዲህ ይላል፦ በተከታታይ እስከ ሦስት ቀን ድምሩ 20 ሚሊሜትር የደረሰ ዝናብ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ከ9 ቀን በላይ የዘለቀ ደረቅ ጊዜ ያልተከተለው። ቀኑ ዝናባማ የሚባለው 1 ሚሊሜትር ሲሞላ ነው። የመስፈርቱ ሁለተኛ ክፍል ነው ቁም ነገሩ። በሰኔ መጀመሪያ በሁለት ቀን 24 ሚሊሜትር ይጥላል፤ መሬቱ ይረጥባል፣ ሰው ማሽላውን ወይም በቆሎውን ይዘራል። ከዚያ 11 ቀን ጭጭ። ዘሩ በቅሏል፣ ሥሩ ግን ከላይኛው ጣት የሚያህል አፈር አልወረደም፤ ያ አፈር ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል። ይህ የውሸት ጅማሬ ነው፤ ዋጋውም ዘሩ ብቻ ሳይሆን ድጋሚ የሚታረስበት የበሬ ጉልበትና የጠፋው ሁለት ሳምንት ነው። መስፈርቱን ወደ ፊት አይቶ መጠቀም አይቻልም፤ ቀጣዩን 30 ቀን ማንም አያውቅም። ግን የራሱን አካባቢ የ20 ዓመት መዝገብ የያዘ ሰው በሰኔ 5 የጣለ ዝናብ ከአሥር ስንት ጊዜ እንደሚከዳ ያውቃል። ይህን ከመዝገብ በስተቀር የሚነግር የለም።

ወደ ትንበያ ስንመጣ፣ የወቅቱ መግለጫ ሦስት ቁጥር ይዞ ይወጣል፤ ለምሳሌ ከመደበኛ በላይ 40 በመቶ፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 25። ዜና ላይ ሲነበብ «ዘንድሮ ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል» ይሆናል፤ ትርጉሙ እዚያ ላይ ይሞታል። ሦስቱ ምድቦች የሚሠሩት እንዲህ ነው። የአካባቢው የ30 ዓመት፣ አሁን ከ1991 እስከ 2020 ያለው፣ የወቅቱ ድምር ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደረደራል። አሥሩ ደረቅ ዓመታት ከመደበኛ በታች፣ መሐለኞቹ አሥር መደበኛ፣ አሥሩ ርጥብ ከመደበኛ በላይ። ምንም ሳናውቅ ብንገምት እያንዳንዱ 33 በመቶ ነው። 40 ማለት ከ33 ትንሽ ተገፋ ማለት ነው፤ እንዲህ ዓይነት ትንበያ በወጣባቸው አሥር ዓመታት በስድስቱ ከመደበኛ በላይ አይሆንም። 60 በመቶ ቢል ኖሮ ወሬው ሌላ ነበር። በዚህም ምክንያት አንድ ክረምት ብቻ አይቶ «ሚቲዎሮሎጂ ዋሸ» ወይም «ገባለት» ማለት አይቻልም። መመዘን የሚቻለው የብዙ ዓመት ትንበያዎችን ሰብስቦ 40 በመቶ የተባለው በእርግጥ ከመቶ 40 ያህል ጊዜ መከሰቱን በመቁጠር ነው። ከ1999 እስከ 2011 ያሉት የአገራችን የወቅት ትንበያዎች እንዲህ ተፈትሸዋል፤ ከጭፍን ግምት በትንሹ የሚሻሉ፣ ግን ወደ «መደበኛ» ያዘነበሉ ሆነው ተገኝተዋል። ለእኔ ይህ ስድብ አይደለም። ራሱን እንዲህ አስመዝኖ ውጤቱን የሚያሳትም የትንበያ ዓይነት ሌላ አላውቅም።

«መደበኛ» በየቦታው ይለያያል። በምዕራብ ያለችው ጎሬ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊሜትር ታገኛለች፤ በሶማሌ ክልል ያለችው ጎዴ 300 ገደማ ወይም ከዚያ በታች። በጎዴ ከመደበኛ በላይ የሆነ ወቅት ለጎሬ ድርቅ ነው። ድምሩ መደበኛ የሆነ ክረምትም በነሐሴ መጨረሻ አሥራ አምስት ደረቅ ቀን ሊይዝና ጤፉን በአበባው ላይ ሊያቃጥለው ይችላል፤ የወቅት ትንበያ ይህን አይናገርም። ስለዚህ ሥራው ይከፋፈላል። የወቅቱ ትንበያ ለዘር ምርጫ ነው፦ ረጅም ጊዜ የሚወስደው ማሽላ ወይስ ቶሎ የሚደርሰው። የአሥር ቀኑ ለመዝራት፣ ለማረምና ዩሪያ ለመበተን ነው፤ ዩሪያ ከከባድ ዝናብ ዋዜማ ከተበተነ ታጥቦ ይሄዳል። የአንድ እስከ ሦስት ቀኑ ለአጨዳና ለክምር ነው፤ በኅዳር ወቅቱን ሳይጠብቅ የሚመጣ ዝናብ የታጨደ ጤፍ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለገበሬ መንገር አያስፈልግም። 40 በመቶ ይዞ ማሳውን ሁሉ ለአንድ ዘር መስጠት ቁማር ነው፤ ሁለት ሦስተኛውን ወደ ትንበያው አድልቶ ቀሪውን በተቃራኒው መያዝ ብልህነት ይመስለኛል።

ትንበያው ከየት ይመጣል ካልን፣ ዋናው ምንጭ ሩቅ ነው፦ ሰላማዊ ውቅያኖስ። መካከለኛው የምድር ወገብ ክፍሉ ከአማካዩ በ0.5 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ሞቆ ሲቆይ ኤልኒኖ ይባላል። ያኔ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በላያችን በከፍታ የሚነፍሰው ፈጣን ነፋስ ይዳከማል፣ ወደ ደጋችን የሚገባው እርጥበት አዘል አየር ያንሳል፣ የክረምቱ ዝናብ በተለይ በሰሜን፣ በሰሜን ምሥራቅና በመካከለኛው ክፍል ይመነምናል። 2015 ይህ ነበር፤ አስቀድሞ በልጉ ከሽፎ ስለነበር ጉዳቱ ተደራረበና 10.2 ሚሊዮን ሰው የአስቸኳይ ምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ብዙ ሰው የሚስተው ደግሞ ይህን ነው፦ ያው ኤልኒኖ በጥቅምትና በኅዳር በሶማሌ ክልልና በቦረና ዝናብ ያበዛል። በ2023 ሰሜኑ ሲደርቅ በዓመቱ መጨረሻ ሶማሌ ክልል በጎርፍ ተጥለቀለቀ። «ኤልኒኖ መጣ፣ ድርቅ ነው» የሚለው ዜና ለወሎ ማስጠንቀቂያ፣ ለጎዴ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ላኒና ሲሆን፣ ማለትም ያው የውቅያኖስ ክፍል ሲቀዘቅዝ፣ ይገለበጣል፤ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ሰማዩን ይዞት የነበረው ላኒና ነበር። የሕንድ ውቅያኖስም የራሱ ድርሻ አለው፤ በ2019 መጨረሻ ምዕራባዊ ክፍሉ ከመጠን በላይ ሞቆ ምሥራቅ አፍሪካን ያጥለቀለቀ ዝናብ አምጥቷል፣ የአንበጣውም መራቢያ ያ እርጥበት ነበር።

የውቅያኖሱን ጠባይ ለመተንበይ በጣም የሚያስቸግረው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በሚያዝያ ስለ ክረምቱ የሚነገር ሁሉ ገና ጥሬ ነው። የኢንስቲትዩቱ የክረምት መግለጫና የኢጋድ አገሮች የጋራ ትንበያ በግንቦት የሚወጡት በከንቱ አይደለም፤ በሐምሌ የሚታደሰውን ደግሞ መከታተል ያስፈልጋል።

የረጅም ጊዜ ለውጡስ? ሙቀቱ ላይ ክርክር የለም። የአገሪቱ አማካይ ሙቀት ከ1960 እስከ 2006 በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል። ትንሽ ይመስላል። በተራራ ላይ ግን በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ 1.3 ዲግሪ ማለት የአየር ንብረቱ 200 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጣ ማለት ነው። ወይና ደጋ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ነው ብለን የተማርነው አጥር በዚያው ልክ ተንቀሳቅሷል። ወባ አብራ ትወጣለች፤ በ2014 የታተመ ጥናት በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ ደጋ በሞቃት ዓመታት ወባ ወደ ከፍታ እንደምትገፋ አሳይቷል።

ዝናቡ ላይ ነገሩ እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። የሰሜንና የመካከለኛው ደጋ ክረምት በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በጣም ወርዶ፣ 1984 ላይ ታች ደርሶ፣ ከዚያ አገግሟል። እንግዲህ መስመሩን ከ1960 ጀምሮ እስከ ሰማንያዎቹ የሳለ ሰው «እየቀነሰ ነው» ይላል፤ ከ1984 የጀመረ «እየጨመረ ነው» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ የመጀመሪያ ዓመታቸውን መርጠው ነው። ማንኛውም ሰው የዝናብ አዝማሚያ ግራፍ ሲያሳያችሁ አስቀድማችሁ የምትጠይቁት ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ነው። በምሥራቅና በደቡብ ያለው የመጋቢት–ግንቦት ዝናብ ግን ከሰማንያዎቹ ወዲህ መቀነሱ በብዙ መዝገብ ታይቷል፤ የኮምፒውተር ሞዴሎቹ ደግሞ ለወደፊቱ ይጨምራል ይላሉ። ይህ አለመጣጣም እስካሁን ተመራማሪዎችን ያከራክራል።

ሁለቱን ድርቆች ጎን ለጎን ማየት ጥሩ ነው። የ2015ቱን የመረመረው ዓለም አቀፍ ቡድን ኤልኒኖ እንዳባባሰው አገኘ፤ በዝናቡ መጠን ላይ ግን የአየር ንብረት ለውጥ የጎላ አሻራ አላየም። ያው ቡድን ከ2020 ጀምሮ የነበረውን የአፍሪካ ቀንድ ድርቅ ሲመረምር፣ የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት የማሳውን ድርቀት ቢያንስ 100 እጥፍ ይበልጥ የመከሰት ዕድል እንደሰጠው ደመደመ፤ ትልቁ ምክንያት የሞቀው አየር ከአፈሩ የሚመጠው ውሃ መብዛቱ ነበር። አንድ መሣሪያ፣ ሁለት የተለያየ መልስ። ሁሉን ድርቅ በአየር ንብረት ለውጥ የሚያሳብብ ባለሥልጣን የመጀመሪያውን አይወደውም፤ ለውጥ የለም የሚለው ሁለተኛውን።

ለራሱ መዝገብ መያዝ ለሚጀምር ሰው አንድ የቀን ጉዳይ ይቀራል። በሚቲዎሮሎጂ ክረምት ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ነው፤ በእኛ ከግንቦት 24 እስከ መስከረም 20 ገደማ ይሆናል። በባሕረ ሐሳቡ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። የሐምሌ ድምርና የጁላይ ድምር አንድ አይደሉም፤ ሐምሌ ጁላይ 8 ይጀምራል። በየገጹ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን መጻፍ ለማወዳደር ይጠቅማል። ጳጉሜንም የራሷ መስመር ይሰጣት። አምስቷ ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ ስድስቷ፣ ነሐሴ ላይ ከተደመረች ነሐሴ 35 ወይም 36 ቀን ይኖረዋል፤ የዝናቡም አማካይ ያለ ምክንያት ከፍ ይላል።